ዳቦን ከበር የመለስኩት እኔ ነኝ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ በግ አርቢ ነበር። አሁን የምኖረው ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። ልጄ ትንሽ እያለች ፎር ኤች የሚባለው የልጆች ክበብ ውስጥ ገባችና በግ እናሳድግ አለችኝ። የአባቴ ነገር ትዝ አለኝና እሺ አልኳት። በዚያው እኔም ገባሁበት። በካውንቲው ፌር፣ ማለትም በየዓመቱ እንስሳ በሚታይበት የወረዳው ዝግጅት፣ መጀመሪያ በረት ጠረግሁ፣ ቀጥሎ ክብደት መዝጋቢ ሆንኩ። ዘንድሮ ደግሞ የበግና የፍየል ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ደሞዝ የለውም፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ግን ኩራቴን አልደብቅሽም። እኔ እስከማውቀው ከእኔ በፊት ከውጭ የመጣ ሰው እዚያ ቦታ ላይ አልተቀመጠም።

ነገሩ የሆነው እንስሳቱ በሚገቡበት ቀን ነው። መኪናው ተጎታቹን እየጎተተ ተሰልፏል። እኔ ወረቀቴን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። የክርስትና ልጄ በጓን እየሳበች መጣች። 12 ዓመቷ ነው። በሚያዝያ ነው የገዙላት። «ዳቦ» ብላ ስም አወጣችለት። ጠዋትና ማታ በእጇ እያበላች አሳደገችው። ታጥቦ፣ ተሸልቶ፣ አምሮበታል። አፉን ሳይ ግን ከከንፈሩ ጥግ የደረቀ ሽሮ የመሰለ ቅርፊት አየሁ። ልቤ ድንግጥ አለ። ጓንት አድርጌ ጠጋ ብዬ ሳየው ሌላም ሁለት አለ። የእንስሳት ሐኪሙን ጠራሁት። አንዴ አየውና «ኦርፍ ይመስላል፤ ይሄ በረት አይገባም» አለ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «እቴቴ፣ ታዲያ ነገስ?» አለች። ነገ የውድድሩ ቀን ነበር። «ሕጉ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አልኳትና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞርኩ። ከኋላዋ ብዙ ሰው ቆሟል። ሁሉም ያየናል። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል አባቷ ቃል ሳይተነፍስ በጉን መልሶ ጭኖታል። እሷ ባዶ ማሰሪያውን ይዛ ቆማለች።

እናቷ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች። ማታ ደወለችልኝ። «ለፈረንጆቹ እስከ ማታ ጊዜ ሰጠሻቸው፤ በልጄ ላይ ግን በር ዘጋሽባት» አለችኝ። እውነትም በዚያው ቀን አንድ የታወቀ ቤተሰብ የጆሮ ቁጥሯ የወደቀባት በግ ይዞ መጥቶ ነበር። እስከ ምሽት አስተካክሉ ብያቸዋለሁ። ይህን ለማስረዳት ስጀምር ስልኩን ዘጋችው።

እኔና እሷ እንዲያው በስም ብቻ አበልጅ አይደለንም። እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን የክረምት ጫማ የገዛችልኝ እሷ ናት። የፍልሰታን ጾም ሁልጊዜ አብረን የምንፈታው እኔ ቤት ነው። ዘንድሮ አልመጡም። የሠራሁት ዶሮ ሳይነካ አደረ።

ባለቤቴ «ዝም በያት፣ ይበርድላታል» ይለኛል። የፌሩ ቦርድ ደግሞ በመስከረም ለሚቀጥለው ዓመት ትቀጥያለሽ ወይ ብሎ መልሴን ይጠብቃል። ልተወው እያልኩ ነው። ለበግ ብዬ ሰው ላጣ ነው? ወይስ ይቅርታ ልጠይቅ? ይቅርታ ከጠየቅሁስ፣ ያጠፋሁት ምንድን ነው?

ግራ የገባት፣ ከሚኒሶታ

•

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቀረው ባዶ ማሰሪያ ይዛ የቆመችው ልጅ ላይ ነው። ገምቼ ካልተሳሳትኩ ያንቺም ዓይን እዚያው ነው የቀረው። ስለ በሽታው በሁለት መስመር ጽፈሽ ያለፍሽ ሰው፣ ያን ማሰሪያ ግን አልረሳሽውም።

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽው ጥያቄ ዋናው ነው። ያጠፋሁት ምንድን ነው አልሽ። እስቲ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው በጉን መመለስሽ ነው። ሁለተኛው የመለስሽበት መንገድ ነው። እናትየዋም ሁለቱን ደባልቃ ተቆጥታለች፣ አንቺም ሁለቱን ደባልቀሽ እየተብሰለሰልሽ ነው።

በጉን መመለስሽ ልክ ነው። እዚህ ላይ ምንም አላመነታም። ኦርፍ በቫይረስ የሚመጣ የበግና የፍየል የአፍ ቁስል ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህን የምጽፈው እናትየዋም ታነበው ይሆናል ብዬ ነው። በጉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ በራሱ ይድናል። ችግሩ ቅርፊቱ ነው። ደርቆ ጉዝጓዙ ላይ ይወድቃል፣ በውስጡ ያለው ቫይረስ ደግሞ በደረቅ በረት ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በአንድ ጣሪያ ሥር የስንት ቤት በግ ነው የሚያድረው? ዳቦ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሽታውን ለእናት በጎቹ ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር። የምታጠባ በግ ጡቷ ላይ ከያዛት ደግሞ ግልገሏን አታስጠጋም። የአንዷን ልጅ እንባ ለማዳን የብዙ ልጆችን ድካም አሳልፈሽ አልሰጠሽም። አባትሽም በቦታሽ ቢቆም የቆሰለ በግ ከመንጋው አይቀላቅልም ነበር።

ፌር ምን እንደሆነ ለማታውቁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ ገጠር በየበጋው እያንዳንዱ ካውንቲ ማለት ይቻላል ለጥቂት ቀናት እንዲህ ዓይነት ዝግጅት አለው። ሚኒሶታ ብቻ 87 ካውንቲዎች አሏት። ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። በፈረንጆቹ 1807 ኤልካና ዋትሰን የሚባል ሰው ማሳቹሴትስ ውስጥ በፒትስፊልድ ከተማ አደባባይ ሜሪኖ የሚባሉ ለሱፍ የሚረቡ ሁለት በጎች አሳየ። ሰው ተሰብስቦ ሲያያቸው ሐሳብ መጣለት፤ በ1810 እዚያው የከብት ትዕይንት አዘጋጀ። ገበሬው ከገበሬው እንዲማር ነበር ዓላማው። ዛሬ በረቱን የሚሞሉት ልጆች ናቸው። ልጁ እንስሳውን ለወራት ያሳድጋል፣ ስንት እንደበላና ስንት እንደወጣበት በመዝገብ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ዳኛ ፊት ያቆመዋል። ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ነጭ ሪባን ያገኛል፤ ሐምራዊው ለበላጩ ነው። የተመረጡት የመላው ግዛት ወደ ሆነው ስቴት ፌር ያልፋሉ።

እንስሳ በተሰበሰበበት በሽታም ይሰበሰባል። በፈረንጆቹ 2012፣ በአብዛኛው ፌር ላይ ከአሳማ ወደ ሰው በተላለፈ የጉንፋን ዓይነት ከ300 በላይ ሰዎች ታመዋል። ኢንዲያናና ኦሃዮ ነበሩ በብዛት የተጎዱት። ከታመሙት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። በር ላይ የሚቆመው ሰው ለምን ጨካኝ እንደሚመስል ይህ ትንሽ ያስረዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ፣ እህቴ። ልጅቷ «ታዲያ ነገስ?» ብላ ጠየቀችሽ። «ሕጉ ነው» ብለሽ መለስሽላት። የጠየቀችው ግን ስለ ሕጉ አልነበረም። ነገ ምን ልሁን ነው ያለችሽ። ከሚያዝያ ጀምሮ የጠበቅሁት ቀን የት ሄደ ነው ያለችሽ። ለዚያ መልስ ሳታገኝ ጀርባሽን አየች።

እኔ ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ጫማሽ ጥቁር አይደለም ተብዬ ከሰልፍ ወጥቻለሁ። ቡናማ ነበር። መምህርቷ ትክክል ነበረች፤ ሁሉም ጥቁር ነው ያደረገው። ዛሬም ድረስ ያልለቀቀኝ ግን ጫማው አይደለም። እኔን አውጥታ ወዲያው የሚቀጥለውን ልጅ ኮሌታ ስታስተካክል ያየሁት ጀርባዋ ነው። ከዚያ ወዲያ ፈልጋ አላነጋገረችኝም።

ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሁሉ ሰው ባይሰለፍና እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ብትሆኑ ኖሮ፣ እንዴት ነበር የምትነግሪያት? ሳስበው ቁጢጥ ብለሽ፣ ዳቦን አብራችሁ እያያችሁ፣ ቅርፊቱን በጣትሽ እያመለከትሽ የምታስረጂያት ይመስለኛል። ያን ያላደረግሽው ስለማትወጃት አይደለም። ይሉኝታ ነው የያዘሽ። «የራሷን ሰው ስታሳልፍ አየናት» እንዳትባዪ ፈራሽ። አዲስ ኃላፊ ነሽ፣ አነጋገርሽ ከሌላው ይለያል፣ ሁሉም ያየኛል ብለሽ አሰብሽ። እፈርድብሻለሁ እንዳትዪ። እንደ አንቺ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ስደተኛ ይህን ጭነት ያውቀዋል። ግን ጭነቱን ያን ቀን የተሸከመችው የ12 ዓመት ልጅ ናት።

የእናትየዋን ክስም ቀለል አድርገሽ አትለፊው። «ለፈረንጆቹ ጊዜ ሰጠሽ» ያለችው ዝም ብሎ የንዴት ቃል አይደለም። እዚህ አገር ስትኖር ሕግ ለአንዱ ሲላላ ለሌላው ሲጠብቅ አይታለች ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ለራስሽ መልሺ፣ ማንም ሳይሰማሽ። የዚያ የታወቀ ቤተሰብ በግ አፉ ላይ ቅርፊት ቢኖር ኖሮ ትመልሺው ነበር? ዳቦስ የጆሮ ቁጥሩ ወድቆበት ቢሆን ለክርስትና ልጅሽ እስከ ማታ ጊዜ ትሰጫት ነበር? ለሁለቱም በሙሉ ልብሽ «አዎ» ካልሽ አላዳላሽም። የጆሮ ቁጥሩ ስክሬፒ የተባለውን የበግና የፍየል የአንጎል በሽታ ከምንጩ ለመከታተል የሚደረግ ነው፤ ቁም ነገር ነው፣ ግን ከወደቀ መዝገብ ታይቶ በዚያው ቀን ሌላ ይተካል። ቁስል እስከ ማታ አይድንም። ልዩነቱ ይሄው ነው። ለአንደኛው እንኳ «አላውቅም» ካልሽ ደግሞ ያንን ሳትደብቂ ንገሪያት። ከማብራሪያሽ ይልቅ እሱ ነው ልቧን የሚያለሰልሰው።

ባለቤትሽ ይበርድላታል ማለቱ ክፋት የለውም፤ እኔ ግን አልስማማም። ጾም አብሮ መፍታት ከቀረ ነገሩ እየበረደ ሳይሆን እየደረቀ ነው። ዛሬ ጳጉሜን ነው፣ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ልጅቷ አበባ ሥላ ይዛልሽ ትመጣ ከነበረ፣ ዘንድሮ ትምጣ አትምጣ ቤታቸው ውስጥ መነጋገራቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት አንቺ ቅደሚ።

የምትደውዪበት ምክንያት አለሽ፣ ያውም መጀመሪያ ሊነሳ ይገባው የነበረ። ኦርፍ ወደ ሰው ይተላለፋል። ልጅቷ በባዶ እጇ ነበር የምታበላው። ጣቷ ላይ የወጣ ነገር ነበር? ያን ቀን ጓንት ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ እሷ ጓንት አልነበራትም። ብዙ ጊዜ የሰው ቁስል በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል፣ ቢሆንም ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፤ በግ እንደነካችም ይነገረው። እናትየዋ ስልኩን ስታነሳ ስለ ሕጉ አትጀምሪ። «ልጄ እጇ ደህና ነው? ያን ቀን ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ይቅር በዪኝ» በያት። ያጠፋሽው ይሄ ነው፣ ይቅርታውም ለዚህ ነው። በጉን ስለመለስሽ ይቅርታ አትጠይቂ። ያን ካደረግሽ የማታምኚበትን ነው የምትናገሪው።

ስልኩን ባታነሳስ? በር ሂጂ። እሷ ለአንቺ ጫማ የገዛች ሴት ናት፤ ደጃፏ ላይ ቆመሽ ብታይሽ ዝም የምትል አይመስለኝም። ያም ካልሆነ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ወይም የነፍስ አባታችሁ ይግቡበት። ሽማግሌ መላክ ለትልቅ ጠብ ብቻ አይደለም።

ልጅቷን ግን ለብቻዋ አናግሪያት፣ ያውም በረታቸው ድረስ ሄደሽ። ዳቦ አሁን ድኖ ሊሆን ይችላል። አሳዪኝ በያት። አፉን ከፍታ ታሳይሽ። ዳኛው ውድድር ላይ የበጉን ጀርባና ወገብ በጣቶቹ እንደሚዳስስ ታውቂያለሽ፤ አባትሽ ገበያ ላይ በግ ሲገዛ የሚያደርገው ያው ነው፣ እዚህ ላቱ ተቆርጦ ነው እንጂ። ያን አስተምሪያት። እጇን ይዘሽ አከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ አስዳሺያት። ሪባን ባታገኝም፣ ዳቦን ከአንድ የበግ አርቢ ልጅ ጋር ዳሳ ትገምግመው። ከዚያ «ያን ቀን ጥያቄሽን አልመለስኩልሽም» በያት። ስትናገሪ ዓይኗን እያየሽ ይሁን። ካለቀሰች ታልቅስ፣ አታባብያት ቶሎ።

ሌላም አለ። ፎር ኤች የሚለው አራቱ ‹ኤች› ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ናቸው። በየስብሰባው ለአራቱም ቃል ይገባሉ። የዘንድሮ መዝገቧን ሳትጨርስ ትታው ይሆናል። ትጨርሰው። ዳቦ በስንተኛው ሳምንት እንደታመመ፣ ምን እንዳደረጉለት፣ መቼ ቅርፊቱ እንደወደቀ ትጻፍበት። ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ በክበቡ ስብሰባ ስለ ኦርፍ ለሌሎቹ ልጆች ታቅርብ። ካልፈለገች አትጫኛት። ውርደቷን ደግመሽ እንዳትከፍቺባት ተጠንቀቂ።

ስለ ሥራው ደግሞ ላውራሽ። ልተወው ብለሻል። ለምን እንደሆነ ለራስሽ አጥሪው። ሥራው ሰልችቶሽ ነው ወይስ ወዳጅሽን ለመካስ? ለመካስ ከሆነ አይሆንም። እሷ የጠየቀችሽ ልጇን እንድታከብሪ እንጂ ቦታሽን እንድትለቂ አይደለም። ደግሞም የዚያ ካውንቲ ሌሎች የስደተኛ ልጆች በር ላይ የሚያዩት ፊት ያንቺ ቢሆን ምን ያህል እንደሚቀላቸው አስቢ።

ከቀጠልሽ ግን እንደ ዘንድሮ አትቀጥዪ። ወደ ቦርዱ ስትሄጂ ሦስት አራት ነገር ይዘሽ ሂጂ። ምርመራው በር ላይ በሰው ፊት መሆኑ ይቅር፤ ሐኪሙ እንስሳውን ተጎታቹ ላይ እንዳለ፣ ሳይወርድ ይየው። ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው የሚሠራው። የሚመለስ ካለ ቤተሰቡ ብቻ ያውቃል፣ በሽታውም መሬት አይነካም። የዘመድሽ ወይም የአበልጅሽ እንስሳ ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱን ለምክትልሽ ስጪ። ያኔ ልጅቷን አቅፎ የሚያጽናና እጅ ይተርፍሻል። የፌሩ የደንብ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። እናትየዋ ከሥራ ወደ ሥራ የምትሮጥ ሴት ከሆነች አንብባዋለች ብዬ አልጠብቅም። ከፌሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ በስልክ በአማርኛ ንገሪያቸው፦ ከንፈር እዩ፣ ዓይን እዩ፣ ቆዳው ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ ነገር ካለ እዩ፣ ኮቴው ሥር እዩ። ቅርፊቱ በዚያን ጊዜ ቢታይ ኖሮ ልጅቷ ቤቷ ሆና ነበር የምታለቅሰው፣ በሰው ፊት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ይሄን አስጽፊ። ሾውማንሺፕ የሚሉት ውድድር አለ አይደል? ዳኛው በዚያ ላይ የሚያየው በጉን ሳይሆን ልጁን ነው፤ እንዴት እንደያዘው፣ እንዴት እንዳቆመው፣ ሲጠየቅ ምን እንደመለሰ። አንዳንድ ፌሮች እንስሳው የታመመበት ልጅ ጤነኛ በግ ተውሶ በዚህ እንዲወዳደር ይፈቅዳሉ። ልጁ ግን ከበሽተኛው በግ መጥቶ ሌላውን ከመንካቱ በፊት ታጥቦ ልብሱንና ጫማውን መቀየር አለበት። የእናንተ ደንብ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አጣሪ። ካልፈቀደ ቦርዱ እንዲጨምረው ጠይቂ። ያኔ አንድ ልጅ «ታዲያ ነገስ?» ብሎ ሲጠይቅሽ የምትመልሺው ነገር ይኖርሻል።

ለቦርዱ ከመመለስሽ በፊት አንድ ሰው አማክሪ። እኔን አይደለም። የዳቦን አፍ አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ እጃችሁን ስትታጠቡ፣ ልጅቷን ጠይቂያት፦ «እኔ በር ላይ ብቆም በሚቀጥለው ዓመት ትመጫለሽ?» ቶሎ ባትመልስልሽም ጠብቂያት።